ጅማ ላይ የሚሠራ ሞተር፦ ለአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ሞተር አመራረጥና አገጣጠም

ጅማ ላይ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን የሚገዙ ሰዎች አቤቱታቸው ተመሳሳይ ነው። በቪዲዮ ያዩት አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእነርሱ ግን መንገድ ላይ ይደክምና በአንድ ክንፉ ተንከባልሎ ይወርዳል። ጥፋቱን በባትሪው ወይም በሻጩ ያላክካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የተፈጠረው ገና ሲገዛ ነው። ሞተሩ የተመረጠው በካርቶኑ ላይ በታተመው ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ሠንጠረዡ ደግሞ ለቆላ አየር የተሠራ ነው።

ይህ መመሪያ የክንፋቸው ርዝመት ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ለሆነ ሞዴሎች ነው። የተጻፈውም በመለማመጃ አውሮፕላን ብቻችሁን ተነሥታችሁ ማረፍ ለቻላችሁ ነው። ገና ካልቻላችሁ የአክሮባት ሞዴል አትግዙ፤ በራሱ የሚስተካከል አውሮፕላን አይደለም፣ ያዘዛችሁትን ስህተት ሳይቀር ይፈጽማል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ፈቃዱን አስቀድሙ። በሪሞት የሚበር ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ዕቃው ድሮን ባይሆንም አያያዙ ከዚያ የተለየ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለማስገባቱም ስለማብረሩም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተሰጣችሁን ወረቀት ሜዳ ስትሄዱ ያዙ። ፈቃድ ሳይኖር የመጣ ዕቃ ሊወረስ ይችላል።

ቦታውንም አስቀድማችሁ ምረጡ። የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ለከተማዋ ቅርብ ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ ያለ ሜዳ ምንም ቢመች ተዉት። ከማረፊያው የራቀ፣ የመብራት ገመድ የማያልፍበት፣ ዳርቻው በባሕር ዛፍ ያልተከበበ የግጦሽ መስክ ፈልጉ፤ ባለቤቱን ወይም ቀበሌውን አስፈቅዱ። መሬቱ ሣር ከሆነ ትልቅ ጎማ ያስፈልጋችኋል፤ በፋብሪካ የሚመጣው ትንሽ ጎማ ሣር ውስጥ ይጠልፍና አውሮፕላኑን በአፍንጫው ይተክለዋል።

ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስልኩ ከሆነ ስለ ባትሪው ንገሩት። የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። ሂሳቡ ቮልት ሲባዛ በአምፒር ሰዓት ነው፦ 14.8 ቮልት በ3.3 አምፒር ሰዓት 49 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ። ቤንዚን የሚሸት ያገለገለ ሞተር ደግሞ ኤርፖርት ላይ ይያዛል።

ደረጃ 1፦ የአየሩን ሂሳብ ሥሩ

ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 27 ዲግሪ በሚደርስበት ቀን አየሩ በባህር ጠለል ካለው 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ቁጥር ሦስት ነገሮችን ይለውጣል፤ ሦስቱም በኋላ ተመልሰው ስለሚመጡ ከአሁኑ ያዙአቸው።

አንደኛ፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስለሚቀንስ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ግፊቱ በ20 በመቶ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ክንፉም የሚሸከመው አየር አነስተኛ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሣትም ለማረፍም 12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን (ለኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል እየመጠነ የሚሰጠውን ክፍል) የሚያቀዘቅዘው አየር እንዲሁ ሳስቷል።

የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ አየሩ በ20 በመቶ ከሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ጉልበቱ ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። እንዲያውም የፕሮፔለሩ ሸክም ስለቀለለለት ትርፍ አቅም ይኖረዋል። ያንን ትርፍ በትልቅ ፕሮፔለር መመለስ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ከሞተሩ በፊት ክብደቱን እወቁ

ሞተር ገዝቶ አውሮፕላን መፈለግ ነገሩን ከመጨረሻው መጀመር ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ምረጡ። ሁለት ሞዴሎች በክንፍ ርዝመት እኩል ከሆኑ ቀላሉን ውሰዱ፤ በዚህ ከፍታ ያልተሸከማችሁት 100 ግራም ማንኛውም ሞተር ከሚሰጣችሁ ይበልጣል።

1. የአካሉን፣ የሰርቮዎቹን (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች)፣ የሞተሩን፣ የባትሪውን፣ የጎማውንና የገመዱን ክብደት ደምሩ። ሻጩ የሚጽፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ያለባትሪ ነው፤ አጣሩ።

2. በድምሩ ላይ 5 በመቶ ጨምሩ። ሙጫ፣ ማሰሪያና ጥገና ይህን ይሞላሉ።

3. የምትፈልጉትን የበረራ ዓይነት ወስኑ። ለክብ ዙር፣ ለጥቅልልና ለግልብጥ በረራ በኪሎ ከ220 እስከ 330 ዋት ይበቃል። በፕሮፔለር ተንጠልጥሎ ለመቆም ከ330 እስከ 440 ዋት ያስፈልጋል።

4. ጅማ ላይ ወደ ላይኛው ቁጥር ተጠጉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ ክንፉ 1.25 ሜትር፣ ሙሉ ክብደቱ 1.6 ኪሎ የሆነ ሞዴል። በኪሎ 400 ዋት ብንይዝ 640 ዋት ይፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን?

ክንፉ ከ1.5 ሜትር በታች ከሆነ ኤሌክትሪክ ግዙ፤ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ከ1.7 ሜትር በላይ ከሆነ ቤንዚን ትርጉም ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ለዚያ መጠን የሚሆን ባትሪ ውድ ነው፣ ከ100 ዋት ሰዓትም ያልፋል። በመካከሉ ያለውን ኪሳችሁና ጎረቤታችሁ ይወስኑ፤ የቤንዚን ሞተር ድምፅ ከብት ያስደነብራል።

በሜታኖልና በናይትሮሜቴን የሚሠራውን ትንሽ ሞተር በርካሽ ቢሸጥላችሁም አልመክርም። ነዳጁ ከማደያ የሚቀዳ አይደለም፤ ሜታኖል በእጅ ቆዳም ይገባል፣ መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በቀላሉ አይታይም። ሞተሩን ካገኛችሁት ነዳጁን ደግሞ ከየት?

ደረጃ 4፦ የኤሌክትሪኩን ስብስብ ምረጡ

ሞተር። የሞተር ኬቪ የሚባለው ቁጥር ሸክም በሌለበት በአንድ ቮልት ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚዞር ይነግራል። ለአክሮባት ትልቅ ፕሮፔለር በዝግታ የሚያዞር ሞተር ይሻላል፤ ለምሳሌያችን ከ750 እስከ 850 ኬቪ፣ ቢያንስ 700 ዋት የሚችል ሞተር ምረጡ። ኬቪው በጨመረ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል የሚሉ ሻጮች አሉ። የሚጨምረው ዙሩ ነው፤ ትልቅ ፕሮፔለር ከተገጠመበትም ይቃጠላል።

ፕሮፔለር። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ያድጋል ማለት ይቻላል። ከ12 ኢንች ወደ 13 ስትሄዱ 20,736 ወደ 28,561 ያድጋል፤ 38 በመቶ ጭማሪ ነው። በጅማ አየር ይህ በ0.8 ሲባዛ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ካርቶኑ 12 በ6 (ዲያሜትሩ 12፣ የስለቱ ጠመዝማዛ ልክ 6 ኢንች) ካለ እዚህ 13 በ6 መሞከር ይቻላል፤ በሳሳው አየር የጠፋው ግፊትም ይመለሳል። የሚጨመረው ዲያሜትሩ እንጂ የስለቱ ጠመዝማዛ ልክ አይደለም፤ እርሱን ብታሳድጉ አውሮፕላኑ በአግድም ይፈጥናል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው ይደክማል። ከመግዛታችሁ በፊት ከመሬት ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ጭራው ወደ ላይ ተነሥቶ ከፕሮፔለሩ ጫፍ እስከ መሬት ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ሊተርፍ ይገባል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያ። ባትሪው ሲጫን 14 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ 640 ለ14 ሲካፈል 46 አምፒር ነው። 60 አምፒር የሚችል ግዙ። ከዚያ ያነሰ አትግዙ፤ ማቀዝቀዣው አየር መሳሳቱን አትርሱ። ለሰርቮዎቹ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ቢያንስ 5 አምፒር የሚችልና ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ሊኒየር የሚባለው በአራት ሴል ባትሪ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ይዘጋል፣ ሲዘጋ ሪሞቱ በእጃችሁ እያለ አውሮፕላኑ ባለቤት ያጣል።

ባትሪ። አራት ሴል፣ 3,300 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 30 ሲ ወይም ከዚያ በላይ፤ ሲ ማለት የአምፒር ሰዓቱ ስንት እጥፍ አምፒር ማለት ነው። በላዩ የታተመውን የሲ ቁጥር በግማሽ እመኑት፤ 3.3 በ30 ሲባዛ 99 አምፒር ይላል፣ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግን 50 አካባቢ ነው ብላችሁ አስቡ። ለእኛ ይህ ይበቃል። ከባትሪው 80 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ፤ አማካይ ፍጆታው 20 አምፒር ቢሆን ወደ 8 ደቂቃ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን 5 ደቂቃ ላይ ሙሉት።

አሞላል። በ1 ሲ ሙሉ፤ ለዚህ ባትሪ 3.3 አምፒር ማለት ነው። በሸክላ ላይ ወይም በብረት ሣጥን ውስጥ አድርጉት፤ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቁ፤ ትታችሁት አትውጡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ ቻርጀር በስህተት የሴል ቁጥር ሊጀምር ስለሚችል መብራት በጠፋ ቁጥር ንቀሉትና እንደገና አስጀምሩ። የጠዋት በረራ ካላችሁ ማታውኑ ሙሉ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፤ ከቤት ውጭ አርቃችሁ በማስቀመጥ ከአገልግሎት አውጡት።

ደረጃ 5፦ ሞተሩን ግጠሙ

ይህ ደረጃ እስኪጠናቀቅ ፕሮፔለር አይታሰርም። ፕሮፔለሩ የሚታሰረው በደረጃ 6 ነው።

1. የሞተሩን መቀመጫ ጣውላ በጣት ነቅንቁት። ከተነቃነቀ በሁለት ውሑድ ኤፖክሲ ጥጉን አጠናክሩ። ፈጣን ሙጫ ብቻውን አይበቃም።

2. ሞተሩ ከአብራሪው መቀመጫ ሲታይ 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ ማየት አለበት። አንዳንድ አካል ይህ ተሠርቶለት ይመጣል፤ ደርባችሁ እንዳትሠሩት አስቀድማችሁ አጣሩ። ካልተሠራለት በግራ በኩል ባሉት ብሎኖች ሥር ሮንዴላ አድርጉ። በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

3. ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲያይ አፍንጫው ከመካከል ይወጣል። ከጣውላው እስከ ፕሮፔለሩ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሞተሩን በ3.5 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ አስቀምጡ።

4. ብሎኖቹን በክር መቆለፊያ ፈሳሽ አጥብቁ፤ ሰማያዊውን እንጂ ቀዩን አትጠቀሙ፤ ቀዩን ለመፍታት ሙቀት ያስፈልጋል።

5. የባትሪው ገመድ ካጠረ አትቀጥሉት። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ ባትሪው አቅርቡና ከእርሱ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ገመዶች አስረዝሙ። በባትሪው በኩል የረዘመ ገመድ መቆጣጠሪያውን ይጎዳል።

6. ለአየር መግቢያ ከከፈታችሁት ቀዳዳ መውጫው ሁለት እጥፍ ይስፋ። ብዙ ሰው ፊቱን ይከፍትና ጀርባውን ይረሳል፤ የገባው አየር መውጫ ካላገኘ ምንም አያቀዘቅዝም።

7. የሪሞቱን ማርሽ (የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ዱላ) ከላይ አድርጋችሁ ባትሪ ሰኩ፤ መቆጣጠሪያው ሲጮህ ወደ ታች አውርዱት። ልኩን ያወቀው አሁን ነው። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ገመዶች የፈለጋችሁትን ሁለቱን አቀያይሩ። ባትሪ ሲያልቅ ሞተሩን ድንገት የሚያጠፋውን ምርጫ አስወግዱና ቀስ በቀስ የሚቀንሰውን ምረጡ።

ደረጃ 6፦ መሬት ላይ መዝኑት

ዋት መለኪያ ከሌላችሁ ተዋሱ፤ ያለእርሱ የምትሠሩት ሁሉ ግምት ነው። ፕሮፔለሩን በማመጣጠኛ ላይ አድርጉና የከበደውን ጎን በአሸዋ ወረቀት ከጀርባው ፋቁት። አውሮፕላኑን በጭራው በኩል ከጠንካራ እንጨት ጋር እሰሩ፤ አንድ ረዳት ክንፉን ይያዝ። ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትም ከጎኑም መስመር ላይ አይቁም።

ሙሉ ባትሪ ሰክታችሁ ለ5 ሰከንድ ብቻ ሙሉ ጉልበት ስጡ፤ አምፒሩንና ዋቱን አንብቡ፤ አጥፉ። ለምሳሌያችን ከ44 እስከ 50 አምፒር ካነበባችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

አምፒሩ ከ55 በላይ ከሆነ ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች አሳንሱ፤ «በአየር ላይ ይቀንሳል» እያላችሁ አትለፉት። ከ38 በታች ከሆነ ባትሪው በጭነት ስንት ቮልት እንደሚሰጥ እዩ፤ በሴል ከ3.4 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ቮልቱ ደህና ከሆነ ፕሮፔለሩ ትንሽ ነው። ሞተሩ የሚንተባተብና የሚጮህ ከሆነ ወዲያው አጥፉና የሦስቱን ገመዶች ብየዳ በካውያ እንደገና ሥሩ፤ አንዱ ያልያዘ ነው።

ከዚያ አንድ ደቂቃ በግማሽ ጉልበት አሠርታችሁ አጥፉና ባትሪውን ነቅላችሁ ሞተሩን ንኩት። ጣታችሁ ሦስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ ሙቀቱ በዝቷል። ወደ አየር መውጫው ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ቤንዚን ለመረጣችሁ

የአውሮፕላኑ መመሪያ «ከ20 እስከ 30 ሲሲ» ካለ 30ውን ውሰዱ። 30 ሲሲ ሞተር ጅማ ላይ የሚሰጣችሁ ታች ያለው 24 ሲሲ የሚሰጠውን ያህል ነው። እንደ ኤሌክትሪኩ በትልቅ ፕሮፔለር ልታካክሱት አትችሉም፤ ሞተሩ ታፍኖ ይግላል። በካርቶኑ ከተጻፉት ፕሮፔለሮች አንዱን ያዙ።

ቅልቅሉ በሞተሩ መመሪያ ይወሰናል፤ 30 ለ1 ከተባለ በአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ለዛፍ መቁረጫ ሞተር የሚሸጠው የሁለት ምት ዘይት ይሆናል፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ከበርሜል ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን በጥሩ ማጣሪያ ሁለቴ አሳልፉ፤ የካርቡረተሩ ቀዳዳ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ይዘጋዋል። የካንዴላው የእሳት ክፍል ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ክፍል) ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ የራሱ ባትሪና ከሪሞት የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። የማርሚታው ብሎኖች በንዝረት ይፈታሉ፤ በየበረራው መጨረሻ ፈትሹ።

አነሣሥ፦

1. ረዳት አውሮፕላኑን ከኋላ ይያዝ። እሳቱ ጠፍቶ፣ የአየሩ መዝጊያ ተዘግቶ፣ ነዳጁ ካርቡረተሩ እስኪደርስ ፕሮፔለሩን በወፍራም ጓንት ምቱ።

2. እሳቱን አብሩ። አንዴ «ፍንድ» እስኪል ምቱ።

3. የአየሩን መዝጊያ ክፈቱና ምቱ። ይነሣል። ካልነሣና ካንዴላው ረጥቦ ካገኛችሁት ነዳጅ በዝቷል፤ ካንዴላውን አድርቁና መዝጊያውን ከፍታችሁ ድገሙ። ደርቆ ካገኛችሁት ነዳጅ አልደረሰም፤ ቱቦውን ፈትሹ።

4. ለሁለት ደቂቃ አሙቁት።

በከፍተኛና በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን የሚመጥኑትን የካርቡረተሩን ሁለት ብሎኖች ሳታስተካክሉ አታብሩ። በሳሳ አየር ቅልቅሉ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ጭስ ያበዛል፣ ያጉረመርማል። በሙሉ ጉልበት እየሠራ የከፍተኛውን ብሎን በአንድ ዙር ስምንተኛ ብቻ እየዘጋችሁ ዙሩ ጫፍ እስኪደርስ ሂዱ፤ ከዚያ ዙሩ ከ200 እስከ 300 በደቂቃ እስኪቀንስ መልሳችሁ ክፈቱ። የዝቅተኛውን ብሎን በአጀማመሩ ታውቁታላችሁ፦ ማርሹን ድንገት ስትከፍቱ ቀጥ ብሎ ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ ክፈቱ፤ እያጉረመረመ ቀስ ብሎ ከተነሣ በዝቶበታል፣ ዝጉ። በመጨረሻ ረዳታችሁ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ አጥብቆ ይያዝና ሙሉ ጉልበት ስጡ። በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ዙሩ ከወረደ የከፍተኛውን ብሎን ትንሽ ክፈቱ።

ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ ከገዛችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ከጅማ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚያ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ቅባቱም ከነዳጁ ጋር ስለሚመጣ ሞተሩ ሳትነቁ ይጎዳል። ገና ሳታስነሡት የከፍተኛውን ብሎን በአንድ ዙር ስምንተኛ ክፈቱ። ወደ ጋምቤላ ይዛችሁ ከወረዳችሁም እንዲሁ።

ደረጃ 8፦ የክብደቱን ማዕከል አስተካክሉ

ሞተር፣ ባትሪና ጎማ ሁሉ በቦታው ሲሆን ብቻ ይሠራል። የቤንዚን ታንክ ባዶ ይሁን።

ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ ያለውን እኩሌታ ምልክት አድርጉና እዚያ ላይ የክንፉን ስፋት ለኩ። ከፊተኛው ጠርዝ ጀምሮ የስፋቱን 27 በመቶ ቁጠሩ፤ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6.75 ይሆናል። ከዚያ ነጥብ ተነሥታችሁ ለአካሉ ቀጥ ያለ መስመር እስከ ክንፉ ሥር አምጡ። በዚያ መስመር ላይ በሁለት ጣት ስታነሡት አውሮፕላኑ አግድም መቆም አለበት። ክንፉ ከአካሉ በታች የሆነውን ገልብጣችሁ አንሡት።

ካልቆመ መጀመሪያ ባትሪውን አንቀሳቅሱ። እርሳስ የምትጨምሩት ባትሪው መሄጃ ሲያጣ ነው። ጭራው ከብዶ እያለ «ትንሽ ነው» ብሎ ማብረር የብዙ አዲስ አውሮፕላን የመጀመሪያና የመጨረሻ በረራ ሆኗል፤ አፍንጫው የከበደ ደካማ ይበራል፣ ጭራው የከበደ ግን አይበርም።

ደረጃ 9፦ ሰርቮና ሪሞት

የብረት ጥርስ ያለው ሰርቮ ግዙ። በመሪ ክንፎቹና በዘንጎቹ መካከል ልቅነት ካለ ቀዳዳው የሰፋውን መያዣ በአዲስ ቀይሩ።

ለመጀመሪያው በረራ ትንሹን እንቅስቃሴ አዘጋጁ፦ ኤሌሮን (የክንፉ መሪ) 15 ዲግሪ፣ ኤሌቬተር (የጭራው አግድም መሪ) 12 ዲግሪ፣ ራደር (የጭራው ቋሚ መሪ) 25 ዲግሪ። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መሪ 12 ዲግሪ ማለት ጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር፣ 15 ዲግሪ ማለት 13 ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ነው። በቪዲዮ የምታዩትን 45 ዲግሪ በሌላ ማብሪያ ላይ አድርጉት፣ ለአሁኑም አትንኩት። የመሃሉን ስሜት የሚያለዝበውን ኤክስፖ 30 በመቶ ስጡ። ምልክቱን ግን አጣሩ፤ ስፔክትረም ላይ መደመር ያለዝባል፣ ፉታባ ላይ መቀነስ ነው። በተሳሳተ ምልክት የገባ ኤክስፖ አውሮፕላኑን እጅ የማይዘው ያደርገዋል።

ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ እንዲጠፋ ፌልሴፉን ሙሉ። ሞክሩትም፦ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ፣ ሞተሩን በዝግታ አሠርታችሁ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ካልቆመ ሜዳ አትሂዱ። የርቀት ሙከራውን በሪሞቱ የዝቅተኛ ኃይል ምርጫ 30 እርምጃ ርቃችሁ አድርጉ፤ አንዴ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንዴ እየሠራ። ጠፍቶ ደህና ሆኖ እየሠራ ሰርቮው ከተንቀጠቀጠ የሪሲቨሩን አንቴና ከሞተሩ ገመድ አርቁ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው በረራና እርማቱ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ጭጋጉ ከተገለጠ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ አብርሩ። በዝናቡ ወራት ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሄዶ መመለስ ባትሪ ከመፍጀት በቀር ትርፍ የለውም። ልጆች ይሰበሰባሉ፤ አትቆጡአቸው፣ ግን ሁሉም ከኋላችሁ በአንድ መስመር ይቀመጡ፣ አንድ ሰውም ይቆጣጠራቸው። ጭላት ከተጠጋ ከፍ ለማለት እንጂ ለመሸሽ አትሞክሩ።

ከነፋሱ ፊት ለፊት ተነሡ። ጎማው ከመሬት ለመላቀቅ ከለመዳችሁት በላይ ይሮጣል፤ ጠብቁት፣ አትጎትቱት። ወደ 80 ሜትር ያህል ከወጣችሁ በኋላ በትሪም አቅኑትና የሚከተሉትን በተራ ሞክሩ። በአንድ በረራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

ቀጥታ ወደ ላይ። ከጎናችሁ በሙሉ ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ወደ ግራ ካዘነበለ የሞተሩን የቀኝ ዘንበል በግማሽ ዲግሪ ጨምሩ፤ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ቀንሱ። ነፋስ ካለ ይህን ሙከራ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ተገልብጦ። በ45 ዲግሪ እየወጣ ገልብጡትና እጃችሁን ልቀቁ። አፍንጫው ቶሎ ከወረደ ፊቱ ከባድ ነው፤ ባትሪውን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ። ቀስ ብሎ ከወረደ ለአክሮባት ልኩ ይህ ነው። ወደ ላይ ከወጣ ወዲያው አሳርፉና ባትሪውን ወደ ፊት መልሱ።

ጠበቅ ያለ ክብ ዙር። በተደጋጋሚ አንዱ ክንፍ ብቻ ከወደቀ በተቃራኒው ክንፍ ጫፍ 5 ግራም ለጥፉ።

በጎኑ። በራደር ብቻ በጎኑ ሲበር ወደ ሆዱ ከተሳበ በሪሞቱ ከራደር ወደ ኤሌቬተር 3 በመቶ ወደ ላይ የሚል ቅልቅል ጀምሩ።

ለማረፍ ስትመጡ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ። በሳሳው አየር ክንፉ የሚደክምበት ፍጥነት ቆላ ላይ ካለው 12 በመቶ ከፍ ይላል፣ ለዓይን ግን ፈጥኖ የመጣ ይመስላል፤ አብራሪውም አፍንጫውን ያነሣና ከሁለት ሜትር ላይ ይጥለዋል። ትንሽ ጉልበት ይዛችሁ፣ አፍንጫውን አግድም አድርጋችሁ ሣሩ ላይ አምጡት፤ ጎማው ሲነካ ዝጉ።

ካረፋችሁ በኋላ የባትሪውን ቮልት ለኩ። እረፍት ከወሰደ በኋላ በሴል ከ3.7 በታች ከሆነ ሰዓቱን በአንድ ደቂቃ አሳንሱ፤ ከ3.85 በላይ ከሆነ በግማሽ ደቂቃ ጨምሩ። በዚያ ሳምንት ካላበረራችሁበት ባትሪውን በሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የቤንዚኑን ታንክ አፍስሱና ሞተሩ በካርቡረተሩ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ አሠሩት። በክረምቱ እርጥበት ኩሽኔታው እንዳይዝግ ጥቂት የሁለት ምት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ ጥቂት ጊዜ አዙሩት፤ ካንዴላውንም መልሳችሁ እሰሩ።